አንዲት ልጅ ጠይቂልኝ ብላኝ

ካርቱም ውስጥ፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤተ መጻሕፍታችን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የራሱን ጥያቄ ይዞ የመጣ አበሻ አላጋጠመኝም። ሁሉም ተልኮ ነው የሚመጣው። አንድ ጉንጯ ያበጠ ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ትቆምና ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ፣ «አንዲት ልጅ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በርበሬ የማይበላው ለስንት ቀን ነው?» ትለኛለች። ጀሪፍ ሰፈር ሱቅ ያለው ነጋዴ ላቡን እየጠረገ ይገባና፣ «አንድ ሰውዬ ተወራርዶ ነው፤ ከነጭ አባይና ከጥቁር አባይ የትኛው ይረዝማል?» ይለኛል። ነጩ ነው ስለው ፊቱ ይጠቁራል። የተሸነፈው ሰውዬ እዚያው ፊቴ ቆሞ፣ «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ብሎ ይወጣል።

እኔ የማጣቀሻ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስል ከእኔ በታች ማንም አልነበረም። ሥራውን የተማርኩት አገር ቤት፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ ሪፈረንስ ነበር የምንለው። መጽሐፍ የፈለገ ሰው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፣ መልስ የፈለገ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ያሠለጠኑኝ አዛውንት አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውኛል፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ነገር የሚፈልገው ነገር አይደለም፣ ስለዚህ መልሰሽ ጠይቂው፣ እስኪገባሽ ድረስ ጠይቂው ብለውኛል። እኔ ደግሞ መጠየቅ ተፈጥሮዬ ነው። ባለቤቴ «አንቺን መርማሪ ፖሊስ ቢያደርጉሽ ኖሮ አገሩ ሌባ አይኖረውም ነበር» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱን የከፈቱት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሱዳናዊ ናቸው፣ ሁላችንም ሙዲር፣ ኃላፊው ለማለት፣ እንላቸዋለን። ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው የገዛ ቤታቸውን ታችኛውን ክፍል አጸዱና መደርደሪያ አስገቡበት። በቀኝ በኩል የዐረብኛው መጽሐፍ ነው፣ ፊት ለፊት የእንግሊዝኛው፣ በግራ በኩል ደግሞ አንድ ግድግዳ ሙሉ የአማርኛ። የአማርኛውን ማንም አልገዛውም። ጉዳዩ ተሳክቶለት ወደ ሌላ አገር የሚበር አበሻ ሁሉ ሻንጣው ሲከብድበት ያመጣልናል። አንዱ መዝገበ ቃላት ይተዋል፣ ሌላው የሒሳብ መጽሐፍ፣ ሌላው ማንም የማይነካው የንብ እርባታ መመሪያ። ሰው አገር ሲለቅ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚጥል ያወቅኩት እዚያ ነው። የሚጥለው የማይረባውን አይደለም፣ ወፍራሙን ነው።

ዋናው የሥራ ቀናችን አርብ ነበር። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ቪላዎች ውስጥ የሚሠሩት እህቶቻችን ለጥቂት ሰዓት ይለቀቃሉ። አብዛኞቹ የወሎ ልጆች ናቸው። ግማሾቹ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ፣ ግማሾቹ ገበያ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ እኛ ጋ ይመጣሉ። ለምን እንደሚመጡ ሙዲር መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። «መጽሐፍ አይዋሱም፣ ጋዜጣ አያነቡም፣ ምንድን ነው የሚሠሩት?» ይሉኛል። ይጠይቃሉ እላቸዋለሁ። የሳሙናው ዕቃ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ለሕፃን በዚህ ማንኪያ ነው ወይስ በዚያ የሚሰጠው? ጅዳ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ከሁሉም ፊት ደግሞ ያቺ ላኪ ትቀድማለች፤ አንዲት ልጅ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።

ወግ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። «አላውቅም» ብሎ እንግዳ ሰው ፊት መቆም ለእኛ ሰው ከባድ ነው። ለሌላ ሰው መጠየቅ ግን ደግነት ነው፣ ያስመሰግናል። መልእክተኛ ደግሞ አይወቀስም። እኔ ይሄን ሁሉ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ አብሬው ነው ያደግኩት። ያም ሆኖ አንድ ቀን አበላሸሁት።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። አንዲት ቀጠን ያለች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም ያላለፈ ልጅ ገባች። ከሪያድ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል። ሰላምታውን አስረዘመችው። ጤናዬን፣ የልጆቼን ጤና፣ ሙቀቱን እንዴት እንደቻልኩት ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዲት ልጅ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው እትዬ፤ ፊደል ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የማይያዘው?» አለችኝ።

ያን ቀን ምን እንደነካኝ እንጃ። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል፣ ከኋላዋ አራት ሴቶች ተሰልፈዋል፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ ተበሳጭቻለሁ። ደግሞም ሰልጥኛለሁ። እስኪገባሽ ጠይቂ ተብያለሁ።

«ልጅቷ አንቺ ነሽ?» አልኳት። ቀስ ብዬም አይደለም።

ከኋላ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩዋት። ልጅቷ አንገቷ ድረስ ቀላች። «ኧረ ወላሂ፣ እኔማ ተምሬያለሁ እትዬ» አለችና ይህን ለማስመስከር ከአጠገቧ ካለው መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ ስባ አወጣች። ዕድሏ ሆኖ የንብ እርባታውን መመሪያ ነው ያወጣችው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና በዚያ ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ ገለጠችው። እያንዳንዱን ገጽ ልክ እኩል ጊዜ እያየች ትገልጠዋለች፤ ሥዕል ያለበትንም፣ ሰንጠረዥ ያለበትንም፣ ባዶውንም። በመጨረሻ መዋስ እፈልጋለሁ አለች። እኔም ከሠራሁት ጥፋት ሳልማር፣ «ስምሽን እዚህ ጻፊ» ብዬ መዝገቡን ገፋሁላት። እጇን ዘይት እንዳቃጠላት ነገረችኝ። አንዷ ጻፈችላት። መመሪያውን አቅፋ ወጣች።

አምስት ሳምንት ሙሉ አልመጣችም። አርብ በደረሰ ቁጥር በሩን አያለሁ። ሴቶቹም ቀነሱ፤ የመጡትም ከእኔ ጋር ሰላምታ ብቻ ተለዋውጠው ይቀመጣሉ። አፍሬ ነበር፣ ምንም አልደብቅም። ቤቴ ገብቼ ወጥ እየሠራሁ ሳለሁ ሳይቀር ያ «ልጅቷ አንቺ ነሽ?» ያልኩት ድምፄ ይመጣብኛል። አንድ ሰው ለዓመታት ሲያጠራቅመው የቆየውን ድፍረት ይዞ መጣና እኔ በአራት ሰው ፊት አፈረስኩበት።

በስድስተኛው ሳምንት አንዲት ሌላ ሴት በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። «አንዲት ልጅ መልሺልኝ ብላኝ ነው» አለችኝ። ፈታሁት፤ የንብ እርባታው ነው። በዚያ ጠረጴዛ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ላኪዋ የእውነት ላኪ ነበረች።

ሴትዮዋን ወንበር ሰጠኋት፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳሁላት። ከዚያ፣ «እስቲ አንድ መልእክት አድርሺልኝ» አልኳት። «የላከችሽን ልጅ እንዲህ በያት። በቀደም አንዲት ልጅ ልካሽ ስለ ፊደል ጠይቀሽኝ ነበር። የዚያን ቀን የመለስኩልሽ ስህተት ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ አገላብጬ አየሁት፤ ፊደል ዕድሜ የለውም። ያቺ የላከችሽ ልጅ ከፈለገች አንቺ አርብ አርብ ነይ፣ እኔ ትንሽ ትንሽ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ታደርሺላታለሽ።»

«ይሄን ሁሉ እንዴት ልያዘው?» አለች ሴትዮዋ።

ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። መጽሐፍ አገላብጬ አየሁት ያልኩት ውሸት ነው። የትም አላየሁትም። በሥራ ዘመኔ ያለ ምንጭ የሰጠሁት መልስ እሱ ብቻ ነው፣ አልጸጸትበትም።

በሚቀጥለው አርብ ልጅቷ መጣች። ጤናዬን ጠየቀች፣ ልጆቼን ጠየቀች፣ ሙቀቱን ጠየቀች። «ያቺ ልጅ እንደገና ልካኝ ነው» አለች። እኔም «እሺ» ብቻ አልኩ። ከሀ እስከ ሆ በትልቁ ጻፍኩና ወረቀቱን ሰጠኋት። «ይሄን ስጫት። በጣቷ እየተከተለች ትበለው።» ወረቀቱን አየችውና፣ «መንገድ ላይ ከጠፋብኝ ምን እላታለሁ? እዚሁ ገልብጬ አንድ ቅጂ ልያዝ» አለች። ገለበጠች። ደግማ ገለበጠች። ከአትላሶቹ ጀርባ ያለችውን ጠረጴዛ ያዘችና ለሁለት ዓመት ያህል ጠረጴዛዋ አርብ አርብ የእሷ ሆነች።

ላኪዋ ጎበዝ ተማሪ ነበረች፣ ግን ክርክር ታበዛለች። «ልጅቷ እኮ ሀ ካለ በኋላ ሐ ለምን አስፈለገ ትላለች» ትለኛለች። ልጅቷን ታገሺ በያት እላለሁ። «ደግሞ ኀ መጣ ስላት ተቆጣች።» እኔም ብሆን እቆጣ ነበር በያት እላለሁ። አንዳንድ ቀን «ልጅቷ በዚህ ሳምንት አላጠናችም፣ ማዳም እንግዳ በዝቶባት ነበር» ትልና ራሷ ታፍራለች። እኔም ልጅቷ ላይ አልቆጣም፣ የሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ቀስ ብላ ትድረስ እላለሁ። እንደዚህ ስንነጋገር አንድ ቀን እንኳ አልሳቅንም። ሁለታችንም ከምር ነበርን።

አንድ አርብ ከእናቷ ደብዳቤ ደርሷት ይዛው መጣች። የአገሯ አስተማሪ ነው ለእናቷ የሚጽፍላት። ከዚያ በፊት ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምታስነብበው ሰው ነበራት፤ አንዷ ታሳጥርባታለች፣ ሌላዋ የራሷን ምክር ትጨምርበታለች፣ አንዷ ደግሞ አንብባ ስታበቃ ለሰፈሩ ታወራዋለች። ያን ቀን ከአትላሶቹ ጀርባ ገብታ ተቀመጠች። አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው፤ እስከምንዘጋ ድረስ ወሰደባት። ስትወጣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ያቺ ልጅ የእናቷን ደብዳቤ ራሷ አነበበች።»

«ምን ይላል?»

«ላሟ ወለደች ይላል።»

«ጎበዝ በያት» አልኩ።

በሳምንቱ ገና ከመግባቷ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ነገርኳት» አለችኝ። «አለቀሰች።»

ከዚያ በኋላ አሠራሬ ተለወጠ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ግን የደበቀውም ያገኝ ነበር። ላኪዋን ነው የምጠይቀው። ልጅቷ የት ነው የሚያማት? ልጅቷ ስንት ጊዜዋ ነው? ልጅቷ ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ስለ ራሳቸው ቢጠየቁ አንገታቸውን የሚደፉት ሴቶች ስለ ልጅቷ ሲጠየቁ ሁሉን ይዘረግፉታል። አዛውንቱ አስተማሪዬ ያሉኝን ያኔ ነው በትክክል የገባኝ። ጥያቄውን መልሼ እጠይቃለሁ፣ ሰውየውን ግን አላጋልጥም። ሴቶቹ ተመለሱ። ወንበር ጨመርን።

ልጅቷ ከሁለት ዓመት በኋላ አርብ አርብ መምጣት ተወች። የማዳም ሴት ልጆች ዐረብኛ ማንበብ አስተምረዋት ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባች ብለው ነገሩኝ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሦስት ጊዜ ትስመኛለች፣ የንብ መጽሐፉን ደኅንነት ትጠይቀኛለች።

ከዚያ አዲሱ ዘመን መጣ። አርካዊት ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ተሞላ፣ ሞባይሉ በየኪሱ መጮህ ጀመረ፣ በየማዕዘኑ ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ። የጀሪፉ ነጋዴ እንኳ ውርርዱን ወደዚያ ወሰደው። አንድ አርብ ሦስት ጥያቄ ብቻ መጣልኝ፤ ከሦስቱ አንዱ «ሽንት ቤቱ የት ነው?» የሚል ነው። እሱን እንኳ ሰውየው ለጓደኛው ነው የጠየቀው።

ሙዲር አንድ ኮምፒውተር ገዙና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ደስ እንዲለኝ ብለው ነው። እኔ ግን የሳሎን መጋረጃ ከሠራሁበት ጨርቅ ከተረፈው በልኩ ልብስ ሰፋሁለት። ዳር ዳሩን ጥልፍ አደረግኩበት። አቧራ እንዳይበላው ነው እላለሁ፤ ካርቱም ላይ ስለ አቧራ የሚከራከርሽ የለም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼው ነው። ሰዎች ወደ እኔ መጥተው ያላወቁትን ሲጠይቁኝ ኖረው፣ እኔ ያላወቅኩትን ማን ፊት ነው የማወጣው? ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል አልኩና ጀርባዬን ሰጠሁት።

ረመዳን ሊገባ ሲል ሙዲር ጠሩኝ። በዐረብኛ ነው የምንነጋገረው። ደግ ሰው ናቸው፣ እየተጨነቁ ነበር የተናገሩት።

«ያ ኡስታዛ» አሉኝ፣ መምህርት ማለታቸው ነው፣ «ዒድ ካለፈ በኋላ ሁለቱ ወዳጆቼ ይመጣሉ። ጠረጴዛው ይነሳና በቦታው ኮምፒውተሮች ይደርደሩ ይላሉ። እኔ አትቸኩሉ አልኳቸው። ሦስት ጥያቄ ይሰጡሻል፤ በዚህ ማሽን ፈልገሽ ካገኘሽ ጠረጴዛው ይቆያል። ካላገኘሽ...»

«ካላገኘሁ?»

«መጻሕፍቱን ትጠብቂያለሽ። ማዕረግሽ አይነካም፣ ኢንሻአላህ።»

መጽሐፍ መጠበቅ ማለት አቧራ መጥረግ ማለት ነው። ቤቴ ሄጄ አልተናገርኩም። ልጆቼን እንዳልጠይቅ፣ የቤት ሥራ አልሠራችሁም ብዬ የተቆጣኋቸውን ሁሉ በአንድ ቀን ይመልሱልኛል። ባለቤቴን እንዳልጠይቅ፣ እሱ የሬዲዮኑን ቁልፍ እንኳ በመከራ ነው የሚያገኘው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጠምጥሜ ስንት ዓመቴ።

በረመዳን ሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። የሴቶቹን በኩል የምትመራው ያቺው የፊደሏ ልጅ መሆኗን ሰምቻለሁ። አሁን ልጅ አይደለችም፣ ሞላ ብላለች፣ መነጽር አድርጋለች። ሁለት ሴቶች ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል። ተነስታ ሳመችኝ፣ የራሷን ወንበር ሰጠችኝ። ጤናዋን ጠየቅኳት። የእናቷን ጤና ጠየቅኳት። ላሟን ሁሉ ጠየቅኳት። ሙቀቱን አነሳሁ። ሌላ የማነሳው ሲያልቅብኝ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ይሄ ነው።

«አንዲት ሴትዮ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ይሰማሉ። አንዲት ሳቅ ብትስቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኖቿ ፈገግ ቢሉ፣ ተነስቼ እወጣ ነበር፤ ቀሪ ዘመኔን አቧራ እጠርግ ነበር።

«ምን ብላ ነው እትዬ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

«ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነው። ይሄን ኮምፒውተር... ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው የማይያዘው ትላለች።»

መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ጠረገች። «እኔ እንኳ በመጽሐፍ አይቼዋለሁ» አለች። «ዕድሜ የለውም። ሴትዮዋ አይፍሩ በሏቸው። እርስዎ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ብቅ ይበሉ፣ እኔ ትንሽ ትንሽ እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ያደርሱላቸዋል።»

እኔ ላኪዋን «እሷ» እያልኩ ነው የተናገርኩት፣ ልጅቷ ግን ሴትዮዋን «እሳቸው» አለቻት። ሰምቼዋለሁ።

እንደዚያ ሆኖ ተማርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ይጻፉ ስትለኝ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ እንደምን አደሩ፣ ስላስቸገርኩ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ የአባይን ርዝመት ለማወቅ ፈልጌ ነበር፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር። ሰላምታ ሳላስቀድም እንዴት እጠይቃለሁ? ማሽኑ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ የሚያስተምሩ ገጾች አመጣልኝ። እሷ ተንፈስ አለችና፣ «ሴትዮዋን ሰላምታውን ይተዉት በሏቸው፣ እሱ አይቀየምም» አለችኝ። እኔም፣ ሴትዮዋ ያለ ሰላምታ መጠየቅ ያሳፍራታል አልኳት። «ይለምዱታል፣ ኢንሻአላህ።» ለመዱት። ዒድ ሲደርስ ሴትዮዋ የአባይን ርዝመት፣ የፖርት ሱዳንን አውቶቡስ ሰዓትና የወባ መድኃኒት ስም ያለ ሰላምታ ማውጣት ችላለች።

የፈተናው ቀን አርብ ነበር። የኮምፒውተሩን ልብስ አውልቄ አጥቤ አጣጥፌዋለሁ። ሙዲርና ሁለቱ ወዳጆቻቸው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አገኘሁ። ሁለተኛውንም አገኘሁ። ሦስተኛውን ሊጠይቁ ሲሉ በሩ ተከፈተና የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ሰፊ ጦብ የለበሰች አንዲት የእኛ ልጅ ገባች።

«አንዲት ልጅ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው እትዬ፤ እርጉዝ ሴት አውሮፕላን ትሳፈራለች?»

ለሰዎቹ በዐረብኛ ተረጎምኩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ደስ አላቸው። «ይሄው ሦስተኛው ጥያቄ። ማሽኑ ይመልስ» አሉና ሙዲር ራሳቸው በዐረብኛ ጻፉት። ብዙ ገጽ መጣ። አንዱ ትሳፈራለች ይላል፣ ሌላው አትሳፈርም ይላል፣ ሦስተኛው ትኬት ይሸጣል። ሽማግሌዎቹ በየትኛው እንደሚያምኑ መጨቃጨቅ ጀመሩ። እኔ ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ልጅቷ የት ልትሄድ ነው?»

«እናቷ ጋ። የመጀመሪያዋ ነው፣ እናቷ ቤት ልትወልድ።»

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት ሞልቷታል።»

«ደኅና ናት? ራሷን ያማታል?»

«አዎ፣ ከሦስት ቀን ወዲህ። ዓይኗንም ብዥ ይላታል።»

«እግሯስ?»

መልሱን ከመናገሯ በፊት ወደ ታች ወደ ገዛ እግሯ አየች። እኔም አየሁ። የሸራ ጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቷል፣ ቁርጭምጭሚቷ በእብጠቱ ተውጦ የለም።

የጤናውን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረድኩ፣ ገጹን በደንብ አውቀዋለሁ። «ልጅቷ ስለ አውሮፕላን አታስብ በያት» አልኳት። «ዛሬ፣ አሁን፣ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። መንገዱ አስቸግሯት እንዳትቀር አንቺ አብረሻት ሂጂ።» ከዚያ ለሙዲር በዐረብኛ የእርግዝና ደም ግፊት እንዳይሆን መስጋቴን ነገርኳቸው። ሙዲር ከኮምፒውተሩ ተነሱ። የመኪና ቁልፋቸውን አወጡ፣ ሚስታቸውን ከላይ ጠሩ፣ ልጅቷን በሁለት በኩል ደግፈው ይዘዋት ሄዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ማሽኑ ፊት ብቻቸውን ቀሩ። አንደኛው ትንሽ ቆዩና፣ «ይሄ ነገር ለምን መልሶ አይጠይቅም?» አሉኝ።

ስለ ጠረጴዛው ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳም። ኮምፒውተሩ እዚያው ላይ ቀረ፣ እኔም እዚያው ከጎኑ ቀረሁ፤ አንዱ ሲፈልግ አንዱ ሲጠይቅ ለብዙ ዓመት አብረን ሠራን። ልጅቷ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኝታ ወንድ ልጅ ወለደች። ትንሽ ነበር፣ ግን ጩኸቱ የትልቅ ነው አሉ። ስትድን ይዛው መጣች። «ያቺ የላከችኝ ልጅ አመሰግናለሁ ትላለች» አለችና ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ግን ከፈተናው ማግስት ጠዋት ነበር ወደ ኢንተርኔት ቤቱ የሄድኩት። ገና እየከፈተች ነበር፣ በሩን በአንድ እጇ ወደ ላይ ስትገፋ አገኘኋት። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ በዚህ አልቸኮልንም።

«ሴትዮዋ እንዴት ሆኑ?» አለችኝ።

«አለፈች» አልኩ።

በሩን ለቀቀችው። ተመልሶ ወረደ፣ ሁለታችንም ውጭ ቀረን። «ጎበዝ በሏቸው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

«ነገርኳት» አልኳት። «አለቀሰች።»